ከካዛንቺስ እስከ ባሕር ዳር

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ምን ያህል ይርቃል? መልሱ እንደ አካሄዳችን ነው።

በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና የሚሄድ ሰው 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው። ጎበዝ እግረኛ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ይህን መንገድ ለመጨረስ 14 ቀን ይፈጅበታል። አውቶቡስ ሌሊት ተነስቶ በዚያው ቀን ይገባል። አውሮፕላን ደግሞ ገደል አይዞርም፤ በቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ ርቀቱ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። በረራው 1 ሰዓት ያህል ነው።

ይህን ሒሳብ የተማርኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ካዛንቺስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ካዛንቺስ መሐል አዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለ ሠፈር ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት ሠርቶበት ነበር። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት አጭር ስም ነው። የእኛ ሰው ካዛንቺስ አለው። እኔ የኖርኩበት ግቢ ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. ብዙው የሠፈሩ የድሮ ቤት ፈርሷል።

አንድ ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከባሕር ዳር።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ በጣም ደክማለች። ዛሬውኑ ድረስ» አለኝ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገሩ ገባኝ። ያሳደገችኝ ያቺ አክስቴ ናት። ቀብሩ 9 ሰዓት እንደሚሆን ገመትኩ። አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ የሚነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነበር። ሄዷል። ሌላ ቢገኝም እስከ 9 ሰዓት አያደርስም።

አከራዬ ለቅሶዬን ሰምተው መጡ። «ልጄ፣ በአውሮፕላን ሂድ እንጂ ምን ትቆማለህ?» አሉኝ። ከሣጥናቸው የዕቁብ ብር አውጥተው አበደሩኝ።

እኔ የመሰለኝ፣ የ1 ሰዓት በረራ ማለት በ1 ሰዓት መድረስ ነው። ለካ አይደለም! ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለካዛንቺስ ቅርብ ነው፤ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ግን ተሳፋሪ ቀድሞ መገኘት አለበት። ይፈተሻል፤ ዕቃው ይመዘናል፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከቤት የወጣሁት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አውሮፕላኑ የተነሳው 4 ሰዓት ላይ። በሜዳው ላይ መንዳቱም፣ ወደ ላይ መውጣቱና መውረዱም ከዚያችው ከ1 ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በ1938 ዓ.ም. ነው፤ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ። ቦሌ ያኔ አልተሠራም ነበር።

መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። የዓባይን በረሃ በመኪና አውቀዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን ተወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከላይ ሳየው ወንዙ ቀጭን ክር መሰለ። በጥቂት ደቂቃ አለፍነው። ብዙም ሳይቆይ ጣና ታየ።

5 ሰዓት ላይ አረፍን። 5 ሰዓት ተኩል ለቅሶው ቤት ገባሁ። ከካዛንቺስ ከወጣሁ 4 ሰዓት ሆኖኝ ነበር። 9 ሰዓት ላይ አክስቴን አፈር አለበስናት።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ለሁለት ቲኬት የሚሆን ብር አልነበረንም። በማግስቱ በአውቶቡስ መጣች። የደረሰችው ለሠልስቱ ነው።