ከሞት በኋላም ያላረፉ መምህራት

የኖትር ዳም አስተማሪ እህቶች ማኅበር አባላት የሆኑ 678 አሜሪካውያን መነኮሳት፣ ሲሞቱ አንጎላቸው ለአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ምርምር እንዲውል ፈቀዱ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የፈጁ ናቸው። ጥናቱን በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው ተመራማሪው ዴቪድ ስኖውደን ነበር።

ተመራማሪዎቹ በገዳሙ መዝገብ ቤት ትልቅ ሀብት አገኙ፦ እህቶቹ በወጣትነታቸው፣ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት በእጃቸው የጻፉትን አጭር የሕይወት ታሪክ። ጽሑፋቸው በሐሳብ የበለጸገ እህቶች በእርጅናቸው በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ደስታና ምስጋና የሞላበት ታሪክ የጻፉት ደግሞ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከእህቶቹ የአንዷ ታሪክ ነው። እስከ 84 ዓመታቸው አስተምረው በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ አእምሯቸው ንቁ ነበር፤ አንጎላቸው ሲመረመር ግን የበሽታው ምልክት ሞልቶበት ተገኘ!

ስለ አልዛይመር በተወራ ቁጥር የእነዚህ መምህራት ውለታም አብሮ ይነሳ።