ዐይን የሚያየውና ልብ የሚይዘው

ዐይን ብዙ ያያል፤ ልብ ግን ዐይን ካየው ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህ ነገር ልጅ ለሚያሳድጉ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን።

ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን ለሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ለሰዎች አሳዩ። ጥቂት ሰውረውም እንደ ገና በማሳየት፥ የተለወጠ ቀለም እንዳለ ጠየቁ። እስከ ሦስት ድረስ የሚሳሳት እምብዛም አልተገኘም፤ ከአራት ጀምሮ ግን ቍጥሩ በጨመረ መጠን ስሕተቱ እየበዛ ሄደ። የሕፃናት ልክ ደግሞ ከዐዋቂዎች ያነሰ ሆኖ፥ ከዕድሜ ጋር የሚያድግ ነው።

እኛም ከጎንደር ወደ ዳባት ስንጓዝ ኮሶዬ ላይ ባረፍን ጊዜ፥ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብለን ከልጆቻችንና ከአገሩ እረኞች ጋር ይህንኑ በጨዋታ ፈተንነው። ጠጠር፥ ቅጠል፥ ቍልፍና ሳንቲም የመሰለውን በሣር ላይ ደርድረን አሳየንና በነጠላ ሸፈንነው፤ አንዱን ሰውረንም «የጐደለው ምንድር ነው?» አልን። ዕቃው ሦስት ሲሆን ሁሉም ዐወቁ፤ ዘጠኝ ሲሆን ግን ዐዋቂዎቹ እንኳ ተከራከሩ።

ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተው ዕድሜው ከዐሥር የማይበልጥ አንድ እረኛ ነበር። ታላቅ ወንድሙ «እሱ ድሮም ልብ የለው!» ብሎ ሳቀበት፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቈይቶ ግን ከኻያ የሚበልጡትን በጎች አንድ ጊዜ ቃኘና «ቦራዋ ግልገል የለችም» ብሎ ወደ ቍጥቋጦው ሮጠ፤ ግልገሊቱንም ታቅፎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሳቀበት አልነበረም።

ምክንያቱን ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን በ1973 ዓ.ም. በሰንጠረዥ ጨዋታ አስረድተውት ነበር። የጨዋታው ዐዋቂ የተለመደውን አሰላለፍ ለዐምስት ሴኮንድ ብቻ አይቶ ብዙውን በቦታው ይመልሳል፤ ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ሲበተኑ ግን ከጀማሪ እምብዛም አይሻልም። የልቡ ስፋት አንድ ነው፤ የተለመደው ነገር ግን በጥቅል ታስሮ ይገባለታል። እረኛውም በጎቹን የሚያያቸው እናትን ከግልገሏ አያይዞ እንጂ እንደ ተበተነ ጠጠር አይደለም።

እንግዲህ ልጃችንን ባልትና ስናስተምር ቅመሙን ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘርግተን «አሁን አሳይቼሽ የለምን?» ብለን አንቈጣ። ኮረሪማን፥ ኮሰረትንና አብሽን «ይህ የቅቤ ነው» ብለን አስቀድመን እናሳያት፤ ያ ሲለመድ ሌላውን እናስከትል። ልጅ ልብ የለውም ከማለት በፊት፥ ያሳየነው ስንት እንደ ሆነና ማሰሪያ ሰጥተነው እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።