የአባ ኮዳው አንገት

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን አዳራሽ የተከፈተውን የሥዕልና የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ያያችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆሞ የነበረውን የብረት አባ ኮዳ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል፣ ራሱ መላጣ፣ ትከሻውን ሰብስቦ እንደ ሸምጋይ የሚተክዝ ወፍ ነበር። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አነሣችሁት፤ አንዳንዶቻችሁም አጠገቡ ቆማችሁ ተነሣችሁ። ከእግሩ ሥር በተለጠፈው ካርቶን ላይ የሦስት ተማሪዎች ስም ተጽፎ ነበር። ሦስቱ እኛ ነን። ዛሬ ብዕር ያነሣነውም በዚያ ካርቶን ላይ የጻፍነው እውነት ስላልነበረ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር ከጉዱማሌ መጀመር ይገባል። ጉዱማሌን ለሐዋሳ ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሌላ አገር ለመጡት አዲስ ተማሪዎች ግን፣ በሐይቁ ዳር ያለ፣ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ሰፊ ሜዳ መሆኑን እንገልጻለን። ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ቀኑን ካስታወቁ በኋላ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይተምማል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ መግባቱን ሁላችንም በኩራት እናወሳለን።

ሦስታችንም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን፣ በአንድ የፊቼ ዕለት ማስታወሻ ደብተር ይዘን ከሜዳው ዳር ቆመን ነበር። ሽማግሎቹ ቄጣላውን እየጨፈሩ ሲያልፉ የተሸከሙት ጦር በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ከእኛ አንዱ አጠገባችን ቆመው የነበሩትን አዛውንት፣ «አባባ፣ ይህን ጦር የሚሠራው ማን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቱምቲቾ» አሉ። ስለ ጦሩ ሲጠየቁ ጮክ ብለው የመለሱ ሰው፣ ስለ ሠሪው ሲጠየቁ ለምን አንሾካሾኩ?

በቀድሞው ሥርዓት ብረት ሠሪው ቱምቲቾ፣ ሸክላ ሠሪው ሐዲቾ፣ ቆዳ ፋቂው አዋቾ እየተባለ ከሌላው ይለይ ነበር። ጋብቻም አይሰጠውም ነበር። ይህን ስንጽፍ በሲዳማ ላይ ጣት መቀሰራችን አይደለም። ከእኛ አንዱ ጎጃም ተወልዶ ያደገ ነው። በልጅነቱ በቀጥቃጭ ደጃፍ ሲያልፉ እናቱ ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ጠይብ በዐይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ያደገ ልጅ ማረሻው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም በእጁ ለሚያርስ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጓል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ነበሩ። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፣ እጅን ያስራል እንጂ ድምፅን ዝቅ ከማድረግ ማንን ሊያግድ ይችላል?

ወደ ብረት ሥራ ያስገባን ግን ይህ ሁሉ ሐሳብ ነበር ብንል እንዋሻለን። ያስገባን ጨዋታ ነው። ከወዳደቀ ብረት የተሠሩ የወፍና የአንበሳ ቅርጾችን በሥዕል አይተን ቀናን። ከቁራሌው ላይ የብስክሌት ካቴና፣ ያለቀ አካፋና የተቆራረጠ ፌሮ ገዛን። ማጠፍ ሲያቅተን ጊዜ ከከተማው ዳር መጥረቢያና ማጭድ ወደሚሠሩ አንድ ሰው ሄድን። ስማቸውን አንጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን። ጋሼ እንላቸዋለን።

ጋሼ ፌሯችንን አይተው ሳቁ። «እናንተ ብረቱን ትለምኑታላችሁ» አሉና ወደ ፍሙ ከተቱት። የድሮው የፍየል ቆዳ ወናፍ በእሳቸው ዘንድ ቀርቷል፤ እሳቱን የሚያናፍሱት በብስክሌት ቸርኬ በሚዞር ማራገቢያ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራችን ያንን ቸርኬ ማዞር ብቻ ነበር። መዶሻ ያስጨበጡን ከዚያ በኋላ ነው።

ብረት የሚናገረው በቀለሙ ነው። ከፍሙ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ነው፤ ያን ጊዜ የመታው ሰው ክንዱን እንጂ ብረቱን አያደክምም። ብርቱካን ሲመስል ወደ 950፣ ቢጫ ሲሆን ወደ 1100 ደርሷልና እንደ ሰም ይታዘዛል። ነጭ ሆኖ እንደ ርችት ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን መቃጠሉ ነውና አይድንም። ጋሼ ይህን ሁሉ ያለ ቁጥር ያውቁታል፤ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ያመጣነው እኛ ነን። ምድጃቸውን ከጥላ ሥር ያደረጉት ለድሎት መስሎን ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው፣ በፀሐይ ላይ የብረት ቀለም አይለይም።

አባ ኮዳን የመረጥነው ጎረቤታችን ስለሆነ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሄደ ሁሉ፣ አንጀት እስኪጣልለት ድረስ እንደ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና አይቶታል። ክንፎቹን ባለቁ አካፋዎች፣ መንቁሩን በሁለት ያረጁ ማረሻዎች፣ ጣቶቹን በካቴና ሠራን። አንገቱ ሥር ለሚንጠለጠለው ከረጢት እውነተኛ የወታደር ኮዳ አገኘን። አሉሚኒየም ከብረት ጋር አይበየድምና በሽቦ አሰርነው። ለእግሩ ያመጣነው የውኃ ቧንቧ ግን ሊገድለን ነበር። ቧንቧው ዚንክ የተቀባ ነበርና ሲግል ነጭ ጭስ አወጣ። እኛም ምንም ሳንጠረጥር ተጎንብሰን ስናየው ቆየን። የዚያን ሌሊት ሁለታችን እንደ ወባ በሽተኛ ስንንቀጠቀጥ አደርን። ጋሼ በማግሥቱ ሲሰሙ ተቆጡ፤ «ነጭ ጭስ ያያችሁ ዕለት ሩጡ፤ ለወፍ ብሎ የሚሞት ሰው የት አለ?» አሉን። ቧንቧውን ጥለን እግሩን በፌሮ ሠራን።

የቀረው አንገቱ ነበር። የአባ ኮዳ አንገት ወደ ትከሻው ጠልቆ እንደገና ወደ ፊት የሚወጣ ነውና፣ ያ ካልሆነ ወፉ ዶሮ ይሆናል። ከመኪና ባሌስትራ ልናወጣው ሞከርን። ሙሉ ቅዳሜ ለፍተን የተጠማዘዘ ነገር አገኘን። በደስታ ከባልዲው ውኃ ብንነክረው «ጣ!» ብሎ ከመካከሉ ተሰነጠቀ። ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ስለሆነ፣ እንደ ፌሮ በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ሲያስፈልግ በዘይት፣ አለዚያም ከዐመድ ውስጥ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ጋሼ ምንም አላሉም። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ሁለተኛውን ባሌስትራ አነሡ። አምስት ጊዜ አጋሉት፤ አምስት ጊዜ ከመስፉ ላይ አኖሩት። የሚመቱት አልፎ አልፎ ነበር፤ ከመምታታቸው ይልቅ ማየታቸው ይበዛል። ሲጨርሱ የመዶሻ ዱካ የሌለበት፣ ሥጋ ያለው የሚመስል አንገት በዐመድ ውስጥ ቀበሩና ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ። ዋጋ ስንጠይቃቸው፣ «የትምህርት ነው» አሉ።

እንግዲህ በኤግዚቢሽኑ ሦስተኛ ቀን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ወፉ ቀረበች። ሌላው ሁሉ ክንፉን ሲያደንቅ እሷ አንገቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይህን ያጠፈው ማን ነው?» አለች። እኛም «እኛ» አልን።

አንዲት ቃል ናት። ያስገደደን ሰው አልነበረም፤ ሽልማትም አልነበረበት። በኋላ መኝታ ክፍላችን ገብተን ራሳችንን ስንመረምር ብዙ ሰበብ አገኘን፤ ጊዜ አልነበረም፣ ነገሩ ያስረዝማል፣ ብረቱም የኛ ነው አልን። ዳሩ ግን የጎጃሙ ልጅ ከሁሉ የባሰውን ተናገረ። በዚያ ሰሞን ለእናቱ ስልክ ደውሎ «ቅርጻ ቅርጽ እሠራለሁ» ብሏት ኖሯል። «ብረት እቀጠቅጣለሁ» ማለት ከአፉ አልወጣም። እነሆ ምሥጢሩ! መዶሻውም ያው፣ ፍሙም ያው ነው። ጋሼ ሲመቱት ቀጥቃጭ፣ እኛ ስንመታው ቀራፂ። እሳቸው ከአባታቸው ስለ ተማሩት ዘራቸው ይነሣል፤ እኛ ከእሳቸው ስለ ተማርነው ተሰጥኦአችን ይመሰገናል።

ይህ በደል በእኛ የተጀመረ አይደለም። በየአብያተ ክርስቲያናችን ባሉት ጥንታውያን የብረትና የነሐስ መስቀሎች መካከል የሰጪው ንጉሥ ወይም መኰንን ስም የተቀረጸባቸው አሉ። የሠሪው ስም ግን እምብዛም አይገኝባቸውም። በውጭው ዓለምም፣ ፒካሶ በ1928 እ.ኤ.አ. ገደማ የብረት ሐውልት ለመሥራት ሲያስብ ብየዳውን የሠራለት ከባርሴሎና የብረት ሠራተኞች ቤተ ሰብ የተወለደው ሁልዮ ጎንዛሌዝ ነበር። ጎንዛሌዝ ኋላ ራሱ ስመ ጥር ቀራፂ ሆኗልና ዕድለኛ ነው። ቢሆንም በመንገድ ላይ አሥር ሰው ብትጠይቁ ፒካሶን የሚያውቁት ዘጠኙ፣ ጎንዛሌዝን የሚያውቀው ምናልባት አንዱ ነው።

ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ቡናና ስኳር ይዘን ጋሼ ዘንድ ሄድን። ያደረግነውን ሁሉ ነገርናቸውና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ለሚመጣው ዓመት ስምዎን ከሁላችን በላይ በትልቁ እንጽፋለን» አልናቸው። ሥራቸውን አቁመው ጥቂት ዝም አሉ።

«ልጆች፣ ስሜን ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ ነበር ይቅርታ የምትጠይቁኝ» አሉን።

ልጃቸው በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጓደኞቿ አባቷን ነጋዴ አድርገው ያውቋቸዋል። በእኛ ግቢ የተነሣ ፎቶግራፍ በማግሥቱ እሷ ግቢ እንደሚደርስ እሳቸው ከእኛ ቀድመው አስበውት ኖሯል። «እናንተ ማታ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ተማሪ ትሆናላችሁ፤ የኔን ሳሙና አያስለቅቀውም። እሷ ትመረቅና ራሷ ትናገር፤ ያን ጊዜ ጻፉት» አሉና መዶሻቸውን አነሡ። ቡናውን ግን አብረናቸው ጠጣን።

በዚያች ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንዳችን፣ ጋሼ ተሳስተዋል፤ መደበቅ ነውሩን ያረዝመዋል አለ። ሌላው፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን የሰውን ገመና በራሱ ላይ ገልጦ ጀግና መሆን የማን ጀግንነት ነው? ሲል መለሰ። የተማረ ሰው ለሌላው ነፃነት ሲናገር ዋጋውን የሚከፍለው ያ ሌላው መሆኑን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኛ በጋሼ ስም ልናደርገው የነበረው ጌጥ፣ በልጃቸው ላይ ሸክም ይሆን ነበር። ይህን ሳናውቅ ካርቶን ልናስተካክል ሄድን። ሊስተካከል የሚገባው ግን ያቺ ልጅ የምትኖርበት የመኝታ ክፍል ነበር። እሱም ከእኛው ክፍል የሚለይ አይመስለንም። በዚህ ግቢ በቀልድ መልክ «ቡዳ» ሲባል፣ «የቀጥቃጭ ልጅ» ሲባል ስንቶቻችን ስቀናል? እኛ ሦስታችን ስቀናል። ምናልባት በዚያች ሰዓት ከአጠገባችን አባቷን ነጋዴ ያደረገች አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር።

እንግዲህ የወሰንነውን እንናገርና እንጨርስ። የሦስታችን ስም ያለበትን ካርቶን ቀደነዋል። ዘንድሮ አባ ኮዳው ያለ ስም ይቆማል። ማን ሠራው ብላችሁ ስትጠይቁን፣ ክንፉንና እግሩን እኛ፣ አንገቱን ግን ከእኛ እጅግ የሚያውቅ ሰው ሠራው እንላችኋለን። ከዚያ በላይ እንዳትጠይቁን አደራ፤ የቀረውን የምትናገረው ሌላ ናት። መጥረቢያ ወይም ማጭድ ለማሠራት ወደ ማንኛውም ብረት ሠሪ የምትሄዱ ግን፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ጥቂት ቁጭ ብላችሁ እሳቱን እዩ።

የጎጃሙ ልጅም እናቱ ዘንድ እንደገና ደውሎ እውነቱን ነገራት። እሷም ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «ማተብህ ካንገትህ አለ?» ብላ ጠየቀችው። አለ አላት። እንደገና ዝም አለች። ቀጥላም፣ «እንግዲያው ለፋሲካ ስትመጣ የዶለዶመውን መጥረቢያ ትሠራልኛለህ» አለችው።