ጌጁ ግማሽ ይላል

የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ታንኩ ሞልቶ ሳለ «ባዶ ነው» ይላል። ይሄኛው ውሸታም ቢያሳቅቅም ብዙ አይጎዳም፤ ሰውየው ቶሎ ቶሎ ማደያ ይሰለፋል፣ በቃ። ሁለተኛው ግን ባዶውን ታንክ «ግማሽ ነው» ይላል። የዚህኛው ጉድ የሚታወቀው ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ ሲሪንቃን አለፍ ብሎ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ? የነዳጅ እውነት ግን የሚጠራው ሞተሩ ቀጥ ሲል ነው።

የእህቴ ልጅ በሀብሩ ወረዳ እህልና አትክልት የሚያመላልስበት አሮጌ ፒካፕ አለው። ጌጁ ለወራት ግማሽ ላይ ቆሞ ቀረበት። ቢቀዳም ግማሽ፣ ቢጨርስም ግማሽ። ልጁ የሄደበትን ኪሎ ሜትር በደብተር እየመዘገበ ይነዳል። አንድ ከተማ ውስጥ ያሳየው ባለሙያ ምኑንም ሳይፈታ «ጌጁ ተቃጥሏል፣ ዳሽቦርዱ ይለወጥ» ብሎታል።

መርሳ ላይ አብሬው አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ልጅ እግር ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ። «ቁልፉን ስታጠፋ መርፌው ይወርዳል? ስትቀዳስ ንቅንቅ ይላል? የሙቀቱ ጌጅ ይሠራል?» የሙቀቱ ይሠራል፤ ቁልፉ ሲጠፋም መርፌው ይወርዳል። ሲቀዳ ግን ከግማሽ ንቅንቅ የለም።

ሰዓቴን ሳይ አየኝና «አብሽር ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሦስት ቦታ ነው የሚፈለገው፤ ታች፣ መሐል፣ ላይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታች፣ ታንኩ ውስጥ፣ ክንድ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ፤ ከነዳጁ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ኤሌክትሪክ በሚገታ ስስ ንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፤ በዚያ ልክ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይበዛል ወይም ያንሳል። ላይ ያለው መርፌ የሚያነበው ይህንኑ ነው። መርፌው ራሱ ነዳጅ አይቶ አያውቅም።

መካኒኩ ከታንኩ የሚመጣውን ሽቦ ነቀለው፤ መርፌው ወደ አንዱ ጫፍ ሄደ። ከታንኩ አፍ ራቅ አድርጎ (ብልጭታና ነዳጅ አይዋደዱም) ሽቦውን ለአፍታ ከመኪናው አካል ጋር አገናኘው፤ መርፌው ቀስ እያለ ወደ ሌላው ጫፍ ተጓዘ። ላዩም መሐሉም ከደሙ ንጹሕ ሆኑ። ቀረ ታች። ከፍቶ ሲያወጣው የክንዱ መታጠፊያ ዝጎ ግማሽ ላይ ደርቋል። ጠርጎ አፍታታው፤ በእጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው መርፌው ተከተለው። «ታንኩን ካላሳጠብከው ይመለስብሃል፤ ከየጀሪካኑ የምትቀዳው ነው ያዛገው» ብሎ የእህቴን ልጅ ገሠጸው። ዳሽቦርዱን የነካው የለም።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት «ገብቷችኋል?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይለኝ ነበር። ግማሽ ላይ የቆመ መርፌ ማለት ይሄው ነው። ስለዚህ አንዱን አስነሥቼ «እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረን» እል ነበር፤ መርፌው መንቀሳቀሱ የሚታየው ያኔ ነው።

የወሎ መንገድ ግን ከክፍል ፈተና የከበደ ታሪክ አለው። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ ከየመንደሩ ወደ ዋናው አስፋልት ወጥቶ መኪና እያስቆመ የሚበላ ለምኗል። ታች ያለው ተንሳፋፊ በትክክል ወርዶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢው ውስጥ አሳይተዋል፤ ሽቦ ለመሆን ሞክረዋል። ላይ ያለው መርፌ ግን «ደህና ነው» ማለቱን ቀጠለ። ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። አዲስ አበባ በራሷ ቴሌቪዥን ያየችው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። እውነቱ ጠራ፤ ለሞቱት ግን አልደረሰላቸውም።

ዛሬም «ሪፖርቱ ተሳስቷል» በተባለ ቁጥር መጠየቅ ያለበት «የቱ ጋ?» ተብሎ ነው። የቀበሌው ሠራተኛ ፈርቶ «ምርቱ ጥሩ ነው» ብሎ ከጻፈ፣ የዛገው ክንዱ ነው። እሱ እውነቱን ጽፎ መሐል ላይ ቁጥሩ ካበጠ፣ ሽቦው ነው። እውነቱ ደርሶ ላይ ያለው ሰው መስማት ካልፈለገ ደግሞ መርፌው ነው። የሦስቱም መድኃኒት ለየቅል ነው። አንዱንም ሳይፈትን «ሰውየው ይነሣ» የሚል አለቃ፣ ምኑንም ሳይፈታ ዳሽቦርድ ከሚያስለውጠው ባለሙያ በምን ይሻላል? ታንኩ ውስጥ ያለው ክንድ እስከዛገ ድረስ አዲሱም ዳሽቦርድ ግማሽ ማለቱን አይተውም።