የቡድናችን የመከላከል ጨዋታ በምን ይመዘን?

የዘንድሮው የዩኒቨርስቲያችን የእግር ኳስ ውድድር ከተጋመሰ ወዲህ የማኅበራችን አባላት በተገናኙበት ሁሉ የሚነሣው ጉዳይ አንድ ነው። በመመገቢያ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል፣ ሻይ ሲፈላም ሆነ ልብስ ሲታጠብ፣ «ተከላካዮቻችን ይለወጡ!» የሚለው ድምፅ እየጎላ መጥቷል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባም ሐሳቡ ለውሳኔ እንደሚቀርብ ሰምተናል። እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ነገሩን ረጋ ብሎ መመርመር ይገባል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

እኛ ሦስት ነን። አንዳችንም ለቡድኑ ተሰልፈን አናውቅም፤ ስለዚህ የምንከላከለው ቦታም የምንመኘው ማልያም የለንም። ዘወትር ዓርብ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በሜዳው ጠርዝ ተቀምጠን ጨዋታውን በደብተር እንመዘግባለን። የምንጽፈው ግቡን ማን አገባው የሚለውን ብቻ አይደለም። ኳሱ ከማን እግር ተነጠቀ፣ በየት በኩል አለፈ፣ በዚያን ጊዜ ማን የት ቆሞ ነበር የሚለውንም ጭምር ነው። እስካሁን ሰባት ጨዋታ በዚህ ዓይነት ተከታትለናል።

በሰባቱ ጨዋታ 13 ግብ ገብቶብናል። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ለማስተባበልም አንሞክርም። ነገር ግን እያንዳንዱ ግብ ከየት እንደ ተነሣ ወደ ኋላ እየተከተልን ስናይ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ አገኘነው። ከ13ቱ ውስጥ 8ቱ የተነሡት በመሐል ሜዳ ወይም ከዚያ ወደ ፊት ኳስ ከተነጠቅን በኋላ ነው። በነዚህ ጊዜያት የቀኙም የግራውም ተከላካይ ለማጥቃት ወጥተዋል፤ አማካዮቻችንም አብረው ሄደዋል። ከኋላ የቀሩት ሁለት ሰዎች እየሮጡ የሚመጡ አራት አጥቂዎችን ይገጥማሉ። 3ቱ ግቦች ከማዕዘን ምት የገቡ ናቸው። በግልጽ የተከላካይ ወይም የበረኛ ስሕተት ልንለው የምንችለው 2ቱን ብቻ ነው።

እንግዲህ ግቡ የተቆጠረው በኋለኞቹ ፊት ቢሆንም፣ በሩ የተከፈተው ከነሱ ርቆ ነበር ማለት ነው። ተመልካች ግን የሚያየው የመጨረሻውን ሰው ነው። አጥቂያችን ኳስ አጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲቆም ያየው የለም፤ ተከላካዩ ተሸውዶ ሲወድቅ ግን ሁሉም አይቷል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሆነ።

ይህ የኛ ብቻ ነገር አይደለም፤ የኳስ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበረው የጨዋታ ውጪ ሕግ፣ አንድ አጥቂ ወደ ፊት ኳስ ሲቀበል በሱና በግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። በዚያ ዓመት ሦስቱ ወደ ሁለት ዝቅ ተደረጉ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በ1924–25 የውድድር ዘመን 1,192 ግቦች ተቆጥረው ነበር፤ ሕጉ በተለወጠበት በ1925–26 ቁጥሩ 1,703 ደረሰ። የእንግሊዝ ተከላካዮች በአንድ የክረምት ዕረፍት ሁሉም ሰነፉን? አልሰነፉም። የሚጠብቁት ሜዳ ሰፋባቸው እንጂ ሰዎቹ አልተለወጡም።

በጥቅምት 1925 አርሰናል በኒውካስል 7 ለ 0 ተሸነፈ። የዚያ ቡድን ሰዎች ከሽንፈቱ በኋላ ሲመክሩ ተጫዋቹ ቻርሊ ቡካን አንድ ሐሳብ አጥብቆ አቀረበ። በመሐል ሜዳ የሚጫወተው ሰው ወደ ኋላ ተስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ይቁም አለ። አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ሐሳቡን ተቀበሉ። በመሐል የተፈጠረውን ክፍተት እንዲሞላም አንድ አጥቂ ዝቅ ብሎ እንዲጫወት ተደረገ። በሚቀጥለው ጨዋታ አርሰናል ዌስት ሃምን 4 ለ 0 አሸነፈ። ልብ በሉ፤ ሐሳቡን ያቀረበው ቡካን ራሱ አጥቂ ነበር፤ መፍትሔውም አማካዩና አጥቂው ከቦታቸው ትንሽ እንዲለቁ የሚጠይቅ ነበር።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በጥር 1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ቱኒዚያንም፣ በፍጻሜው የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክንም ያሸነፍነው 4 ለ 2 ነበር። ሁለት ገብቶብን አራት እናገባለን የሚለው ትዝታ ከአባቶቻችን ወርዶ በኛም ደም ውስጥ አለ፤ ደስ የሚል ትዝታም ነው። ዳሩ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚሁ ውድድር ተመልሶ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሲጫወት የሆነውን እናስታውስ። የተጋጣሚው በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡርኪና ፋሶ በ10 ሰው ቀረች። ውጤቱ 4 ለ 0 ሆነ፤ ከአራቱም ግቦች ሦስቱ የገቡብን ተጋጣሚያችን 10 ሰው ብቻ ከነበረው በኋላ ነው። በሰው ቁጥር ስንበልጥ ሁላችንም ወደ ፊት እንሄዳለን፤ የኋላው ሜዳ ባዶውን ይቀራል። በዩኒቨርስቲያችን ሜዳ ዓርብ ዓርብ የምናየውም ከዚህ አይለይም።

አሁን ደግሞ ከደብተሩ ውጪ ወዳለው ነገር እንምጣ። ከመሐል ተከላካዮቻችን አንዱ ባለፈው ሽንፈት ማግሥት ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ለቡድኑ ኃላፊ ሊመልስ ይዞ መጣ። «ሌላ ሰው ይሞክር፤ እኔ ከዚህ በኋላ ስድብ አልችልም» አለ። ኃላፊው፣ «ወንድሜ፣ ስብሰባው እስኪደርስ እንኳ ታገሥ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ይህ ልጅ በመመገቢያ አዳራሽ ከኛ ጠረጴዛ አይቀመጥም፤ ምግቡን ይዞ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ወላጅና ዘመድ በሌለበት አገር የምንኖር ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ለብዙዎቻችን ያቺ የዓርብ ማታ ጨዋታ በሳምንት ውስጥ አማርኛ ጮክ ብለን የምንናገርባት ብቸኛ ሰዓት ናት። ለ13 ግብ ብለን አንድ ወንድማችንን ከመካከላችን ብናጣ ዋንጫ ቢመጣ እንኳ ኪሣራው ይበልጣል።

ይህን ስንል ተከላካዮቻችን ጉድለት የለባቸውም ማለታችን አይደለም። አራቱ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። አንዱ የጨዋታ ውጪ መስመር ለመሥራት ሲወጣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አጥቂውም በዚያው ይገባል። በማዕዘን ምት ጊዜ ሁሉም ኳሱን ያያል እንጂ ሰው የሚይዝ የለም። በረኛችን ኳስ ለመያዝ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ አይሰማም። ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊቱ የሚያይ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ዝም ማለቱ ያስጎዳናል። እነዚህ ግን ሰው በማውረድ ሳይሆን በልምምድ የሚቃኑ ናቸው።

በመሆኑም ለስብሰባው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የቀኙ ተከላካይ ለማጥቃት ሲወጣ የግራው ይቅር፤ የግራው ሲወጣ የቀኙ ይቅር። ሁለተኛ፣ ከአማካዮቹ አንዱ ቡድናችን በሚያጠቃበት ጊዜ ሁሉ ከመሐል ተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ይጠብቅ። ለዚህ ቦታ የሚመረጠው ሰው ጭብጨባ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቀው፤ እኛ ግን ሥራውን በደብተራችን እንጽፍለታለን። ሦስተኛ፣ ኳስ የተነጠቀ አጥቂ ቢያንስ አምስት እርምጃ ተከትሎ ይሩጥ። አምስት እርምጃ ተጋጣሚውን ባያስጥለውም ያዘገየዋል፤ ያቺ ጊዜ ለኋለኞቹ ቦታቸውን ለመያዝ ትበቃለች። አራተኛ፣ በማዕዘን ምት ጊዜ ማን ማንን እንደሚይዝ ከጨዋታው በፊት በስም ይነገር።

ይህ በሦስት ጨዋታ ተሞክሮ ለውጥ ካልታየበት፣ ያን ጊዜ ስለ ሰው መለወጥ እንነጋገር፤ እኛም በበኩላችን አንቃወምም። አሁን ግን ያልተሞከረ ነገር እያለ ሰውን ማባረር ፍርድ አይሆንም።

የምንጽፍበት ደብተር የግላችን አይደለም። የምንለውን የሚጠራጠር ወንድምም ሆነ እኅት በሚቀጥለው ዓርብ እርሳሱን ይዞ ይምጣና ከጎናችን ይቀመጥ። ኳሱ በተነጠቀ ቁጥር ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ የኛ አሥራ አንድ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ይመልከትና ያየውን ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በስብሰባው ላይ እጁን ለወደደው ሐሳብ ያውጣ።