በአንድ እግር

ኅዳር 2 ቀን 2017፣ ሰኞ
ብርድ። ፀሐይ ግቢው እስክትገባ ጠብቀን ወጣን። በአንድ እግር መቆም። የአምስት ዓመቶቹ ዐሥር ሰከንድ ገደማ ይዘልቃሉ፤ ብዙዎቹ የአራት ዓመት ልጆች ግን ቶሎ ያወርዳሉ። እንደቆሙ «የቤት እንስሳ ጥሩልኝ» አልኳቸው። ላም፣ በግ... እግር መሬት። ስሙን ሲጠሩ አይደለም፣ ቀጣዩን ሲፈልጉ ነው። ዐይናቸው መጀመሪያ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ክንዳቸው ይከፈታል፣ ከዚያ እግር።
ባለቀይ ሹራቧ ዛሬም ግድግዳውን አልለቀቀችም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ማታ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የስዊድን ጥናት። አረጋውያኑን እያራመዱ ያወሯቸዋል። ከ58ቱ 12ቱ መልስ ለመስጠት ቆም አሉ፤ ከእነዚህ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። ለአረጋውያን መመዘኛ ነው። ለሕፃን ልምምድ ይሆናል? መለካት ሌላ፣ ማለማመድ ሌላ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ነፋስ፣ አቧራ። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ሣልን። የቀኖቹን ስም እየጠሩ ሲዘሉ የሚንገዳገድ የለም ማለት ይቻላል። ለምደውታል፤ አፋቸው ብቻውን ይሄዳል። «ከእሑድ ወደ ኋላ» ስላቸው ግን ገሚሶቹ እግራቸውን አወረዱ፤ ገሚሶቹ እግሩን ይዘው ቀኑን ረሱት። የትኛው ነው የተሻለው? እግሩን የያዘውን ጎበዝ ማለት ይቀናኛል። ግን ያኛው እያሰበ ነበር።
ድንጋዩ ያረፈበትን ቤት መዝለል፣ መስመር አለመርገጥ፣ ተራ መጠበቅ። ጨዋታው ድሮም ጭንቅላትና እግርን አብሮ ያሠራ ነበር። ደስ አለኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ጭስ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። የሚያስሉ አሉ፤ አልወጣንም። ክፍል ውስጥ ዐይን ጨፍኖ መቆም፤ ወዲያው መወዛወዝ፣ ሳቅ። በዚህ ዕድሜ ሚዛናቸው በዐይን ላይ በጣም ይደገፋል። የውስጥ ጆሮው፣ የጡንቻውና የመገጣጠሚያው ስሜት ከዐይን ጋር መቀናጀትን ገና እየለመዱ ነው።
ወለሉ ላይ ጣውላ ዘረጋሁ። ለባለቀይ ሹራቧ ግማሽ ኩባያ ውኃ ሰጠኋት፤ «እንዳይፈስ»። ከንፈሯን ነክሳ፣ የእግሯን ጣቶች ጣውላው ላይ ቆንጥጣ፣ ውኃውን ብቻ እያየች ተሻገረች። ጣውላውን የረሳችው መሰለኝ። ሚዛኗ ነው የጨመረው ወይስ ፍርሃቷ የቀነሰው?

ኅዳር 16፣ ሰኞ
አንዲት እናት በር ላይ፦ «ቲቸር፣ ፊደል መቼ ነው የሚማሩት? ሲዘሉ ነው እኮ የሚውሉት።» ገብተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው፤ ቸኩለው ነበር። አዘንኩ።
ከሰዓት የ«ሀ» ቤትን ወለሉ ላይ ጻፍኩ። የጠራሁትን ፊደል ፈልጎ እሱ ላይ በአንድ እግር ማረፍ። ትልልቆቹ ወደዱት። ትንንሾቹ ፊደሉን ሲፈልጉ በሁለት እግር ቆሙ፤ ተውኳቸው። ፊደሉ ጨዋታውን እንዳይበላው እሰጋለሁ።
ነገ «ለ»። ትንንሾቹን ለብቻ ላድርጋቸው ወይስ ከትልልቆቹ ጋር? አልወሰንኩም።