«ሲስተም የለም»

ሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። «ሲስተም የለም።» መብራት የለም፣ ውሃ የለም እንደሚባለው ናት። ተናጋሪው አይጠየቅም፣ ሰሚውም አይጠይቅም። ሲስተም መልክ የለው፣ ቢሮ የለው፣ አቤት የሚባልበት በር የለው። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አለ። ቆሞ እየጠበቀ ነው። ምን እየጠበቀ እንደሆነ የሚያይለት ሰው ነው የሌለው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ስሙ ይቆየን።

ግንቦት ላይ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ አንድ ፋይል ለማስቀመጥ ትጫናለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትሽከረከራለች። ደግማ ትጫናለች። ሦስተኛም። (እያንዳንዷ ተጨማሪ ጫና ሌላ ሥራ ወረፋው ላይ እንደምትጨምር የነገራት የለም።) ፊት ለፊቷ በጠዋት የመጡ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «አባባ፣ ሲስተሙ ደክሟል፤ ነገ ይምጡ።» በነጋታው መጡ። መልሱ ያው ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «ኢንተርኔቱ ነው» አለ፤ ሌላው «ሰርቨሩ አርጅቷል» አለ። የአዲስ ሰርቨር ግዢ ጥያቄ በዚያው ቀን ተጻፈ። እስከዚያው ድረስ የአይቲው ልጅ ዳታቤዙ ለሚሠራበት ቨርቹዋል ማሽን ፕሮሰሰሩን ከ4 ወደ 8 እንዲያሳድግ ታዘዘ። አሳደገ። ምንም ለውጥ አልመጣም።

ሊመጣም አይችልም ነበር። ቨርቹዋል ማሽን እንደ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው። የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ የውሃ መስመሩ ግን የጋራ ነው። ውሃው ከታች ከቀጠነ እላይ ቤት ቧንቧ ቢደረድሩ ትርፉ ወጪ ነው። እንዲያውም ዋናው ማሽን የተጨናነቀ ከሆነ፣ ብዙ ፕሮሰሰር የተመደበለት ቨርቹዋል ማሽን ተራ ሲጠብቅ ይበልጥ ሊዘገይ ይችላል።

ልጁ ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ መጀመሪያ ማድረግ የነበረበትን አደረገ፤ መለካት ጀመረ። ሊኑክስ ላይ «ስቲል» የምትባል ቁጥር አለች፤ ቃሉ ስርቆት ማለት ነው። ማሽኑ ፕሮሰሰር ፈልጎ ሳለ ለጎረቤት የተሰጠበትን ጊዜ ትናገራለች። ዜሮ ነበረች። ጎረቤት ነፃ ወጣ። ፕሮሰሰሩም ራሱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የዲስኩን ሲያይ ግን አንድ ጽሑፍ እስኪጻፍ በአማካይ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዳታቤዝ «ተመዝግቧል» የሚለው ዲስኩ ላይ ማረፉን ካረጋገጠ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ 40 ሚሊ ሰከንድ ከጠበቀ፣ በአንድ መስመር በሰከንድ ከ25 በላይ አይታለፍም።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጁ በስልክ አቋራጭ ነገረው። በማይኤስኪውኤል ውስጥ አንዲት ቅንብር አለች፤ «ከ1 ወደ 2 ቀይራት፣ ትበራለች» አለው። እውነቱን ነው፣ ትበራለች። ዳታቤዙ በየምዝገባው ዲስኩን መጠበቁን ትቶ በየሰከንዱ አንዴ ያራግፋል። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን የመጨረሻዋ ሰከንድ ምዝገባ ሊጠፋ ይችላል። ለአንዳንድ ሥራ ይህ ችግር የለውም። «ተመዝግቧል» ተብለው ደረሰኝ ይዘው ወደ ቤታቸው ለሄዱ አዛውንት ግን መዝገቡ ውስጥ አለመኖር ነው። መብራት እንዴት እንደሚሄድ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። ልጁ አልቀየራትም።

ዲስኩ ለምን ዘገየ? መልሱን ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚተዳደሩበት ገጽ ላይ አገኘው። ጥቅምት ላይ የተነሳ ስናፕሾት አለ። ስሙ «ከማሻሻያው በፊት፣ ጊዜያዊ» ይላል። ያነሳው ሰው ስም ደግሞ የራሱ ነው።

ስናፕሾት ሲነሳ ዋናው መዝገብ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በጎን በሌላ ፋይል ይጠራቀማል፤ የሚነበብ ነገር ሲፈለግም መጀመሪያ የሚታየው ያ የጎን ፋይል ነው። ቪኤምዌር አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ብሎ ይመክራል። ይሄኛው ሰባት ወር ቆይቷል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ስናፕሾት እንደ ባክአፕ ይቆጠራል፤ አይደለም፣ ዋናው ዲስክ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው አንድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ግን «ሰርዝ» ይላል። የሚሰርዘው የመመለሻ ነጥቡን ነው፤ የሰባት ወሩ ጽሑፍ ከዋናው መዝገብ ጋር ይዋሃዳል። አጠገቡ ያለው «ወደኋላ መልስ» የሚለው ነው ሰባቱን ወር የሚበላው። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም ቢሆን እጁ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲወጣ ባክአፕ ወሰደ፤ ባክአፑን በሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ የዓርቡ መዝገብ መኖሩን በዓይኑ አየ፤ ከዚያ ተጫነ። ውህደቱ ሲካሄድ ዲስኩ ከበፊቱ ይልቅ ተጨናነቀ። እሑድ ንጋት ላይ አለቀ። በዚያው፣ ማሽኑ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ ዳታቤዙ ለጊዜያዊ ማከማቻው ከነባሪው 128 ሜጋባይት ንቅንቅ እንዳላለ አየና ያንንም አስተካከለ።

የቀረው ሰኞ ጠዋት ነበር። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። «ተስተካክሏል» ብሎ መመስገንም ይችል ነበር። አለቃው ቢሮ ገባና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥቅምት ላይ የከፈትኩትን ሳልዘጋ ረስቼው ነው» አለ።

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ሰርቨሩ አላረጀም?»

«አላረጀም።»

«የግዢ ጥያቄው እኮ ወጥቷል።»

ታች መዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ አንዴ ተጫነችና ክቧን ለመጠበቅ ወደ ሻይዋ ዞረች። ስትመለስ አልቆ ነበር። አዛውንቱ ግን ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሱም።

«አለቀ አባባ፣ ይሂዱ።»

«እንዴት አለቀ? እስኪ ደግመሽ እይልኝ» አሏት።